«ኮር ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት «ኮር አይ ሰቨን» የሚለውን ነው፤ ይህ የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ፣ ስም ነው። ሻጩ ገና ክዳኑን ሳያነሳ ይህችን ያስቀድማል። ገዢውም የሚያውቃት ጥያቄ አንዲት ናት፤ «ኮር ስንት ነው?» ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የደረሳት እናት ከመንዝ ቢመጡም ጎረቤት ጠይቁ ያላቸው ይህንኑ ነው። «እማማ፣ አይጠራጠሩ፣ ይሄ አይ ሰቨን ነው» ይባላሉ። አምነው ይከፍላሉ። ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ልጅቷ ደውላ «እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ እያለ አስቸገረኝ» ትላለች።

ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አይደለም። ማሽኑ እውነትም አይ ሰቨን ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጥያቄው ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ኢንተርኔት ለሚከፍት፣ ኤክሴል ለሚሠራ፣ ማታ ማታ ፊልም ለሚያይ ሰው ኮምፒውተሩን የሚያንቀራፍፈው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ሃርድ ዲስኩና ራሙ ናቸው። ብር ካላችሁ ብሩን እዚያ ላይ አውሉት ነው የምለው። ለምን እንደምል ደግሞ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከፍተን እንይ።

ፕሮሰሰሩን ቶሎ ልለፈው። «አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ 7-7500ዩ ባለ 2 ኮር ነው፤ ኮር እዚህ ላይ ስሙ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሚሠራ ክፍል ነው። በዓመቱ የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን ባለ 4 ኮር ነው። ስሙ ዝቅ ያለው በጉልበት በለጠ ማለት ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሻጮች «ጀነሬሽን» የሚሉትን ያሳያል፤ 7500 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ። ስምንተኛው ላይ መስመር አስምሩ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለ ፕሮሰሰር ይህን ካወቃችሁ ለግዢ ይበቃችኋል።

ራምና ማከማቻ (ሃርድ ዲስኩ) ግን ሰፋ ያለ ወሬ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋልና። «8 ጊጋ፣ 256 ጊጋ» ሲባል ትልቁ ቁጥር ይስባል፣ ትንሹ ይረሳል። የመንዝ ሰው ገብሱን ጎተራ ያስቀምጣል። ሊያበጥር ሲል ግን ጎተራው ውስጥ ገብቶ አያበጥርም፤ ለጊዜው የሚበቃውን ሰፌድ ላይ ያወጣል። ማከማቻው ጎተራ ነው፣ ራሙ ሰፌድ። ፋይላችሁ፣ ፎቷችሁ፣ ዊንዶውሱ ራሱ የሚያድሩት ማከማቻው ውስጥ ነው። ስትከፍቷቸው ግን ወደ ራም ይወጣሉ፤ ፕሮሰሰሩም የሚሠራው እዚያ ነው።

ራም በጣም ፈጣን ነው፣ ግን አያድርም። እያንዳንዷ ፊደል ራም ውስጥ የምትቀመጠው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሙሌቶች ነው። ሙሌቱ በራሱ ጊዜ ይፈሳል። ስለዚህ ማሽኑ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ ሁሉንም እየዞረ ያድሳቸዋል። መብራት ሲሄድ የሚያድስ ይጠፋል፣ በዓይን ጥቅሻ ሁሉም ባዶ ይሆናል። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ሴቭ ሳታደርጉ የጻፋችሁት ሦስት ገጽ ደብዳቤ መብራት ሲመጣ የማይገኘው ለዚህ ነው። ሴቭ ማድረግ ማለት ከራሙ ወደ ማከማቻው ማውረድ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ወደ መንቀራፈፉ እንምጣ። ባለ 4 ጊጋ ራም ማሽን አላችሁ እንበል። ዊንዶውስ ገና ሲነሳ ከ2 ጊጋ በላይ ይይዛል። ክሮም ላይ አምስት ስድስት ገጽ ስትከፍቱ፣ ቴሌግራም ሲጨመር፣ ወርድ ሲጨመር ራሙ ይሞላል። ሲሞላ ግን ማሽኑ «ሞልቷል» ብሎ አያቆምም። ለጊዜው የማትነኩትን ወደ ማከማቻው ያወርዳል፣ ስትፈልጉት መልሶ ያወጣል። ይህን ሲያመላልስ ነው ማውሱ የሚሽከረከረው፣ መስኮቱ ነጭ የሚሆነው፣ እናንተም ቁልፉን ደጋግማችሁ የምትጫኑት። ማከማቻው ፈጣን ቢሆን መመላለሱን ብዙም ባላወቃችሁት። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሲሆን ግን ጉድ ፈላ።

ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የላፕቶፕ ሃርድ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር ይዞራል፤ በሰከንድ 90 ዙር መሆኑ ነው። አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። የሚያነበው ክንድ ደግሞ ከቦታ ቦታ እየዘለለ የተፈለገውን መስመር ማግኘት አለበት፣ ያም ሌላ አሥር ምናምን ሚሊ ሰከንድ ነው። ስትደምሩት እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ በሰከንድ መቶም አይሞላም። አጭር ይመስላል፣ ግን ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። መረጃው ቺፕ ውስጥ ነው። በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመልሳል። በ3 ደቂቃ ይነሳ የነበረ ማሽን ኤስኤስዲ ሲገባለት በግማሽ ደቂቃ ሲነሳ ባለቤቱ «ፕሮሰሰር ቀየራችሁለት እንዴ?» ይላል። የተቀየረለት ሃርዱ ነው።

የእናንተ ማሽን በየትኛው እንደሚሰቃይ ለማወቅ ገንዘብ አታውጡ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲስክ» የሚለው ዓምድ ምንም ሳትሠሩ 100% ላይ ተጣብቆ ከቀረ ችግራችሁ ሃርዱ ነው። «ሜሞሪ» የሚለው 90% ካለፈ ራም ጨምሩ። «ሲፒዩ» ብቻ ለረጅም ጊዜ 100% ከሆነ ያኔ ስለ ፕሮሰሰር እናወራለን፤ ያውም ቫይረስ ካልሆነ።

ራም ልትጨምሩ ስትሄዱ የራሙን ትውልድ የሚያሳየውን ዲዲአር የሚለውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ዲዲአር 3 ዲዲአር 4 ቦታ ላይ አይገባም። የራሙ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችው ስንጥቅ ቦታዋ ይለያያል፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አልገባም ብሎ በጉልበት የሚጫን ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት። የላፕቶፕ ራም ከዴስክቶፑ አጠር ይላል፣ አይዋዋሱም። ከዲዲአር 3 ውስጥም በ1.35 ቮልት የሚሠራው «ኤል» የተጨመረበት አለ፤ በ1.5 ቮልት የሚሠራው ተራው ለአንዳንድ ላፕቶፕ አይሆንም። ስስ ላፕቶፖች ደግሞ ራማቸው ቦርዱ ላይ ተበይዶ ይመጣል። ባለ 4 ጊጋ ከገዛችሁ በ4 ጊጋ ኖራችሁ ትቀራላችሁ፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «መጨመሪያ ቦታ አለው?» በሉ። ሌላ ወጥመድ አለ። ማሽኑ ላይ የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ አያይም። 8 ጊጋ አስገብታችሁ «ምንም ለውጥ የለውም» የምትሉ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ኤስኤስዲም ዓይነት አለው። ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆነው የድሮውን ሃርድ መጠንና መሰኪያ የያዘው ሳታ የሚባለው ነው፤ ሃርዱን ፈትቶ በቦታው መተካት ነው። በሰከንድ 500 ሜጋ ባይት ገደማ ያነባል። አዳዲሶቹ ላይ ማስቲካ የምታክል ቀጭን ካርድ አለች፣ ኤም ዶት ቱ ይሏታል። እሷ ውስጥም ሁለት ዓይነት አለ፤ ሳታና ኤንቪኤምኢ። መልካቸው ይመሳሰላል፣ አንዱ በአንዱ ቦታ ላይሠራ ይችላል። ላፕቶፑን ሳትይዙ ሄዳችሁ አትግዙ። የወጣውን ሃርድ ደግሞ አትጣሉት፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዝታችሁ ፎቶና ፊልም ማስቀመጫ አድርጉት።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ሰውን በተለይ የሚመለከት ነገር ላንሳ። በሃርዱ ሳህንና በሚያነበው ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ነው። ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ናት። ያ ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ የሚንሳፈፈው ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው የአየር ትራስ ላይ ነው። አየር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ለዚህም ነው ብዙው ሃርድ ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው፣ አጠገቡም «ይህን ቀዳዳ አትሸፍኑ» የሚል ጽሑፍ ያለበት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጫፉም ወደ ሳህኑ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች «እየሠራ እስከ 3,048 ሜትር» ብለው ይጽፉበታል፤ 10 ሺህ ጫማ መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከገደቡ በታች። መሐል ሜዳ ግን ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ናት። ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ሃርድ ሁሉ ጓሳ ሲደርስ ይሞታል ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ሠርተው ይኖራሉ። ግን አምራቹ ዋስትና የማይሰጥበት ከፍታ ላይ የወረዳ ሰነድ፣ የትምህርት ቤት ውጤት ወይም የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ሃርድ ላይ ብቻ ማስቀመጥ እጣ ፈንታን መፈታተን ነው። ኤስኤስዲ የሚንሳፈፍ ጫፍ ስለሌለው ይህ ጣጣ አይነካውም። ለደጋው መንዝ ከፍጥነቱም በላይ የምመርጥለት በዚህ ነው።

ስስ አየር ሌላም ነገር ያመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል 70 በመቶ ገደማ ነው። ፋኑ ያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ያንሳል፣ የሚያወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ብርዱ ይክሰናል እንጂ! ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ይገለበጣል፤ አየሩ ወፍራም፣ ግን ሞቃት። እዚያ የሚገድለው አቧራ ነው። የፋኑ መውጫ ላይ የሚጠራቀመው ግራጫ ሱፍ መሳይ ነገር በዓመት አንዴ ካልጸዳ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰውየውም «አረጀ» ብሎ ይሸጠዋል።

ከብርድ ወደ ሙቀት መሻገሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ንጋት፣ ውርጭ መሬቱን ባነጣበት ሰዓት፣ ላፕቶፕ ይዛችሁ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ዕቃው እንደቀዘቀዘ ነው የሚደርሰው። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውኃ ይሆናል። ያ ጤዛ ቦርዱ ላይ ከተፈጠረና ወዲያው ካበራችሁት ሊያቃጥለው ይችላል። ከቦርሳው ሳታወጡ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ቡና ጠጡበት።

ያገለገለ ሃርድ ያለው ማሽን የግድ ከገዛችሁ ጤንነቱን እዩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልጉ። አንዱ ሃርዱ በርቶ የቆየበት ሰዓት ነው። ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢበራ 8,760 ሰዓት ነው፤ 25 ሺህ ካያችሁ «ትንሽ ነው የተሠራበት» የሚለውን ወሬ ተዉት። ሌላው «ሪአሎኬትድ ሴክተርስ» የሚለው ነው፤ ተበላሽቶ በትርፍ የተተካ ቦታ ማለት ነው። ከዜሮ ከፍ ካለና በየሳምንቱ ከጨመረ ያ ሃርድ በመሞት ላይ ነው። ጆሯችሁንም አስጠጉ። ቀጭን የመዞር ድምፅ ደህና ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ የሚደጋግም ከሆነ አጥፉትና በውስጡ ስላለው መረጃ ተጨነቁ፣ በየመሀሉ እያበራችሁ አትሞክሩት። ኤስኤስዲ በዚህ በኩል ክፉ ነው። ሲሞት ድምፅ የለውም፤ ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም። ስለዚህ ፈጣን ነው ብላችሁ ቅጂ መያዝን አትተዉ። አንዱን ውጫዊ ሃርድ ላይ፣ ሌላውን ሌላ ቤት።

«500 ጊጋ ብሎ ሸጦልኝ 465 ነው» የሚል ቅሬታም ብዙ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ማንም አላታለላችሁም። አምራቹ አንድ ጊጋን 1,000 ሜጋ አድርጎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ 1,024። ልዩነቱ በየደረጃው ሲባዛ 500 የነበረው 465 ሆኖ ይታያል፣ 1 ቴራ የነበረው 931።

ማታለል ከፈለጋችሁ ፍላሽ ላይ ነው ያለው። በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ» ፍላሽ አይታችሁ ይሆናል። ውስጡ 16 ወይም 32 ጊጋ ቺፕ ነው። ኮምፒውተሩን የሚያነጋግረው ትንሹ ተቆጣጣሪ ላይ «2 ቴራ ነኝ» እንዲል ተጽፎበታል፣ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። መጀመሪያ የጫናችሁት ደህና ይሆናል። ቺፑ ሲሞላ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ዝም ብሎ ይጠፋል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፍቱት አይከፈትም። ለማጣራት ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ጥግ እስከ ጥግ ይሞላዋል፣ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ይዋሻል ወይስ አይዋሽም ቁርጡን ይነግራችኋል። ሻጩ «ቴስት አድርገህ ካልሆነ መልስ» ካላለ እኔ አልገዛም።

ከፍላሽ ሳንወጣ፣ 32 ጊጋ ባዶ ፍላሽ ላይ 5 ጊጋ ፊልም አልጫን ብሎ ያውቃል? ፍላሹ በፋት 32 ስለተሰናዳ ነው፤ ያ አሠራር ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። ያለበትን ግን አስቀድማችሁ አውጡ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የአማርኛ ጽሑፍ ምን ያህል ቦታ ይበላል? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በሰፊው በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ 1 ባይት። በሦስት እጥፍ ከበድን ማለት ነው። ቢሆንም 300 ገጽ የአማርኛ መጽሐፍ፣ በገጽ 1,500 ፊደል ብንል፣ 1.3 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። በስልካችሁ ካነሳችሁት አንድ ፎቶ ያንሳል። ሃርዳችሁን የሞላው ጽሑፍ አይደለም፤ ፎቶና ቪዲዮ ነው።

ስክሪን ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ 1366 በ768 ወይም 1920 በ1080። ሁለተኛው ፉል ኤችዲ የሚባለው ሲሆን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ የመጀመሪያው ግማሹን ትንሽ ነው የሚያልፈው። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ዓይን ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ ስክሪኑን ከታች ወደ ላይ እዩት። ቀለሙ ከጠቆረ ወይም ከተገለበጠ ቲኤን የሚሉት ርካሹ ዓይነት ነው። አይፒኤስ የሚሉት ሌላው ዓይነት ከየትም ብታዩት ብዙም አይለወጥም። ሱቅ ውስጥ ሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቱ፤ የሞቱ ነጥቦች ያኔ ይጋለጣሉ። ያገለገለ አሮጌ ሞኒተር ደግሞ ከኋላው ብርሃን የሚሰጠው ቀጭን የፍሎረሰንት መብራት ሊሆን ይችላል። እሱ ብርድ አይወድም። በደብረ ብርሃን ጠዋት ደብዝዞ፣ ቢጫ መስሎ ይነሳና እየሞቀ ይደምቃል። ረፋድ ላይ የገዛችሁትን ሞኒተር በነጋታው ንጋት ላይ አይታችሁ እንዳትደነግጡ። ስክሪኑ ጨልሞ ማሽኑ ግን የሚሠራ ከመሰላችሁ በኬብል ሌላ ሞኒተር ላይ ሰክታችሁ እዩ። እዚያ በደንብ ከታየ ጥፋቱ ስክሪኑ ወይም ገመዱ ነው፤ «ቦርዱ ሄዷል» ለሚላችሁ ሰው አትክፈሉ።

መብራት ለሚመላለስበት አገር ደግሞ አንድ የአሮጌ ዴስክቶፕ ጣጣ አለ። ባበራችሁት ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል፣ ኢንተርኔቱም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ገጽ አልከፍት ይላል። ቫይረስ አይደለም። ቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የተባለች ሳንቲም መሳይ ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትቆጥረው እሷ ናት። ድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫቸውን በቀን ስለሚያመሳክሩ ቀኑ ከተሳሳተ አይከፈቱም። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ አለቀ።

ፕሪንተር ላይ ሰው የሚከስረው ዋጋውን ብቻ ስለሚያይ ነው። ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት የቀለሙን ዋጋና አንዱ ቀለም ስንት ገጽ እንደሚያወጣ ነው። በየኮፒ ቤቱ የምታዩት 85ኤ ቶነር 1,600 ገጽ፣ 12ኤ ደግሞ 2,000 ገጽ ይባላል። ይህ ቁጥር ግን የወጣው የገጹ 5 በመቶ ብቻ በቀለም ሲሸፈን ነው፤ አጭር ደብዳቤ ማለት ነው። ጠርዙ ጥቁር የሆነ መታወቂያ ኮፒ እያደረጋችሁ 1,600 አትጠብቁ።

የሌዘር ፕሪንተር አሠራር ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ዜሮክስ ውስጥ ጋሪ ስታርክዌዘር የሚባል መሐንዲስ ነው ያመጣው። ውስጡ ያለው ድራም የተባለው ጥቅልል በኤሌክትሪክ ይሞላል። የሌዘር ጨረሩ ፊደሉ የሚያርፍበትን ቦታ እየነካ ሙሌቱን ያጠፋዋል። ቶነሩ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ጨረሩ በነካው ቦታ ላይ ብቻ ይጣበቃል። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይዘላል። እስከዚህ ድረስ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ የተቀመጠ ዱቄት ብቻ ነው፣ በጣት ይጠረጋል። መጨረሻ ላይ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሆነ ጥቅልል ተጭኖ ያቀልጠዋል። ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቃችሁ በሽታውን ራሳችሁ ትለያላችሁ። ፊደሉ በጣት ሲፈገፈግ ከተነሳ ማሞቂያው ደክሟል። ገጹ ላይ ያው ነጥብ በእኩል ርቀት ከተደጋገመ ድራሙ ወይም ሌላው ጥቅልል ላይ ጭረት አለ። ከላይ እስከ ታች የነጣ መስመር ከሆነ ቶነሩ እያለቀ ነው፤ አውጥታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት፣ ጥቂት ደርዘን ገጽ ይጨምርላችኋል። ቶነር ልብስ ላይ ከፈሰሰ በሙቅ ውኃ አትጠቡት፣ ይቀልጥና ይጣበቃል። አራግፉና በቀዝቃዛ ውኃ።

ያ ማሞቂያ መብራት ይበላል። ሲነሳ ለአፍታ እስከ 1,000 ዋት ሊስብ ይችላል። ሌዘር ፕሪንተርን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባለ ባትሪ ዕቃ) ላይ የሚሰኩ ኮፒ ቤቶች ዩፒኤሱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሞትባቸው ይገርማቸዋል። ኮምፒውተሩን ዩፒኤሱ ላይ፣ ፕሪንተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኩ። ክረምት ላይ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ ይጠቀለላል፣ ፕሪንተሩ ውስጥም ይቀረቀራል። ጥቅሉን ከፍታችሁ አታሳድሩት።

ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ለፎቶና ለቀለም ሥራ ጥሩ ነው፣ ግን ካልሠራችሁበት ጫፉ ይደርቃል። በወር አንዴ ለምታትሙ ሰዎች ሌዘር ይሻላል። ኢንክጄት ካላችሁ በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ አውጡበት። በየሱቁ የሚሰጣችሁ ቀጭን ደረሰኝ ደግሞ ቀለም የለውም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነው። በጥፍራችሁ በፍጥነት ብትጭሩት ጥቁር መስመር ይወጣል። ፀሐይና ሙቀት ቀስ በቀስ ያጠፉታል። ለሒሳብ የምታስቀምጡት ከሆነ በገዛችሁበት ቀን ኮፒ አድርጉት።

አንድ ነገር ቀረችኝ። ቤት ጽፋችሁ ኮፒ ቤት የወሰዳችሁት የአማርኛ ማመልከቻ እዚያ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ወይም የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ ፕሪንተሩን አትውቀሱ። የጻፋችሁበት ፎንት እዚያ ማሽን ላይ የለም፤ በተለይ ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የድሮ ፎንቶች ከጻፋችሁ። ወርዱን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ፤ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ፒዲኤፉን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ፊደሉ በትክክል መታየቱን እዩ።